ሞዴስ ህመም አይይዝም

ክቡር አዘጋጅ፣

ግንቦት 20 የዓለም የወር አበባ ንጽህና ቀን መሆኑን አስታካችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። (ግንቦት 20 ሲባል ስለ ሌላ ነገር ሲወራ እየሰማን ላደግን ልጆች ይሄም አንድ ለውጥ ነው፤ ተመስገን።) አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ በካርቶን ሲታደል የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ፎቶው ያምራል። ሱፍ የለበሱ አራት ሰዎች፣ አንድ ካርቶን፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንገቷን የደፋች አንዲት ተማሪ። እሱን ልለፈው። ማለፍ ያቃተኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከእንግዲህ ሴት ተማሪዎች በወር አበባ የተነሳ ከክፍል የሚቀሩበት ምክንያት አይኖርም።»

ማን እንደተናገረው አልጻፋችሁም። ባለሥልጣኑ ይሁን ጋዜጠኛው አይታወቅም። ስለዚህ የናንተ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ሞዴስ ደም ይይዛል። ህመም አይይዝም። ይሄን ለማወቅ አምስት ዓመት ምህንድስና መማር አያስፈልግም። እኔ ግን ለማንኛውም ተምሬያለሁ።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ ሞዴስ መታደሉን አልጠላሁም። ዋጋው የት እንደደረሰ ሱቅ ሄዳ የገዛች ታውቀዋለች። ፍሬሽማን ሳለን ከገጠር የመጣች አንዲት የዶርም ልጅ ጨርቋን አጥባ አልጋ ሥር ደብቃ ነበር የምታደርቀው። ለሷ ያ ካርቶን ትልቅ ነገር ነው። ግን እሷም ሞዴስ ካገኘች በኋላ በየወሩ አንድ ሌሊት ግድግዳ እየቧጠጠች ነው የምታነጋው። ጠዋት ክፍል አትገባም። «ምክንያት አይኖርም» ያላችሁት እሷን ጭምር ነው።

ሌላዋ ዶርሜ ፋርማሲ ነው የምታጠናው። እሷ እንዳስረዳችን ማህፀን ሽፋኑን ሲያራግፍ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ይመነጫል። እሱ የማህፀንን ጡንቻ ጭምቅ ያደርገዋል፣ የደም ዝውውሩንም ይቀንሳል። ሲበዛ ማህፀን ላይ ብቻ አይቆምም። ያስመልሳል፣ ተቅማጥ ያስይዛል፣ ራስ ይፈልጣል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚሠሩት ይሄው ነገር እንዳይመረት ስለሚያደርጉ ነው። ገና ሲጀምር ከተዋጡ ነው ደግሞ ጥሩ የሚሆኑት። ፓራሲታሞል በዚህ በኩል ደካማ ነው። እንግዲህ የግቢያችን ክሊኒክ የትኛውን እንደሚሰጥ ገምቱ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚድ ፈተና ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጀመረኝ። ትኩስ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ ሞልቼ ሆዴ ላይ አደረግኩ። ሙቀት እንደሚያስታግስ በጥናትም ታይቷል፣ የእናቶቻችን ወግ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ግን ሃይላንዱ ተጨማደደ፣ እኔም አብሬው ተጨማደድኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ፈተና ገባሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልጨርስ ሮጬ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አስመለስኩ። ከወጣሽ መመለስ የለም ተባልኩ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተር ሁለት ፓራሲታሞል ሰጡኝና «ይሄማ በሽታ አይደለም የኔ እህት፣ ተፈጥሮ ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» አሉኝ። ፈተናው እኮ ዛሬ ነው! ወረቀት ይጻፍልኝ ብል «በዚህ አይጻፍም» ሆነ መልሱ። መምህሩ ደግሞ ወረቀት የሌለው ሜካፕ (ላመለጠው ፈተና ማካካሻ) አይፈተንም አሉ። አክለውም «ሁሉም ሴት ያላት ነገር ነው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት አንድ የክፍላችን ልጅ ታይፎይድ የሚል ወረቀት ይዞ መጣ፣ ሜካፑን ተፈተነ፣ ኤ አመጣ። ዋሽቷል አልልም። ግን ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ ክኒን ይዞ እንደሚመለስ እናንተም ታውቃላችሁ።

በሚቀጥለው ወር ብልህ ሆንኩ። «ጨጓራዬን ነው» አልኩ። ወረቀቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተጻፈ። ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ እነሱም ለጓደኞቻቸው። ዛሬ የዚያ ክሊኒክ መዝገብ ቢገለጥ የግቢው ሴት ጨጓራ ተልጦ ያለቀ ነው የሚመስለው። ያውም በየ28 ቀኑ።

ቀልዱ ግን እኔው ላይ ዞረ። አንድ ቀን ደፍሬ ዳይክሎፌናክ ስጡኝ ብል ካርዴ ታየና «አንቺ ጨጓራ አለብሽ፣ ይሄ አይሆንሽም» ተባልኩ። ልክ ናቸው! ጨጓራ ላለበት ሰው ያ መድኃኒት አይመከርም። ለወረቀቱ ብዬ የሚሻለኝን መድኃኒት አስከለከልኩ። ፋርማሲዋ ዶርሜ አልጋዋ ላይ እየተንከባለለች ሳቀችብኝ።

ጋዜጠኛችሁ ክሊኒክ ገብቶ «በወር አበባ ህመም የመጣ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ «የለም» ይባል ነበር። እውነትም መዝገብ ላይ የለም። ሌላ ቦታ ግን አለ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከ10 ተማሪዎች ከ8 በላይ የሚሆኑት ህመሙ አለባቸው፤ ከነሱም አብዛኞቹ ትምህርታችንን ይጎዳል ብለዋል። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ካርቶን ከመቁጠር የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

«ሁሉም ሴት ያላት ነገር» የሚለውም አያስኬድም። እህቴ ፔሬዷ ሲመጣ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። እኔ መቆም ያቅተኛል። ከኔ የባሱም አሉ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፣ የማህፀንን ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ የሚያድግበት በሽታ፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ወደ 10 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚይዝ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እስኪታወቅም ዓመታት ይፈጃል። ግድግዳ የምትቧጥጠው ልጅ ያ ይኑርባት አይኑርባት ማንም መርምሯት አያውቅም። እንድትወልድ ብቻ ነው የተነገራት።

ፈቃድ ከተሰጠ ሴቶቹ ይዋሻሉ የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ አሁንስ ምን እያደረግን ይመስልሃል? ዛምቢያ ውስጥ ሴት ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ያለ ሐኪም ወረቀት መቅረት ትችላለች፣ በሕግ። እኔ ያን ያህል እንኳን አልጠየቅኩም። እውነተኛው ምክንያቴ የተጻፈበት አንድ ወረቀትና በሰዓቱ የሚሰጥ አንድ ኢቡፕሮፌን ይበቃኛል።

ዘንድሮ የመውጫ ፈተና ተፈታኝ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቀኑን የሚቆርጠው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የኔን ቀን የሚቆርጥልኝ ደግሞ ሚኒስቴሩን አያማክርም። ካላንደር ላይ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፣ የሚገጣጠሙ ይመስላሉ።

እርማት የምታወጡ ከሆነ ያቺን አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ አርሙልኝ። ስሜን ያልጻፍኩት አፍሬ አይደለም። ያ ወረቀት እንደገና ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ጨጓራዋ ደህና የሆነ
የአምስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ