ጠማማው ሻርፔ

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ስለ እጅ ስራ ያወጣችሁትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። "ተገዝቶ እየተለበሰ ምን አደከመህ" ኪሮሽ ስሰራ የሚያዩኝ እኔንም ሁሌ ይሉኛል። ማሽን ይቀድመኛል እሺ፣ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ የሹራብ ማሽን የፈጠረው እኮ እ.ኤ.አ. በ1589 ነው፣ ከሱ ጋ ልወዳደር አይደለም የምሰራው (ኪሮሽ ግን ዛሬም የእጅ ነው፣ ይሄን ሳውቅ እንዴት እንደኮራሁ!)። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ነው የምውለው፣ ማታ ምን ሰራህ ብትሉኝ የማሳየው ነገር የለኝም፣ ኪሮሼን ሳነሳ ግን አንድ መስመር ከሰራሁ አንድ መስመር አለ፣ ይዳሰሳል፣ ከተሳሳትኩም ክሩን ስቤ ተርትሬው እንደገና እጀምራለሁ፣ ስንቱ የኑሮ ስህተት ነው እንዲህ የሚተረተረው? የመጀመሪያ ሻርፔ ከአንድ ጫፍ ሰፊ ከሌላው ጠባብ ነው የወጣው፣ ዳር ዳር ያሉትን አይኖች (የክሩን ቀለበቶች) መስራት እየረሳሁ ሳላውቀው በየመስመሩ እየቀነስኩ ሄጄ ነው ለካ። ለእህቴ ሰጠኋት፣ ሳቀችብኝ። ብርድ ሲመጣ ግን ከቁምሳጥኗ መጀመሪያ የምታወጣው እሱን ነው፣ የተገዙት እዛው ተደርድረው።

አንባቢያችሁ