የሥነ ዜጋ ክበብ ዘገባ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሰበር ችሎት

ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው የከረመው። ጥያቄውን ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኅዳር ላይ፣ በሦስተኛው ስብሰባችን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱን የማይተረጉም ከሆነ የበላይነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የዚያን ቀን ግማሽ መልስ ነው የሰጠኋት። የቀረውን አብረን ፈለግነው፤ ዓመቱም በዚሁ አለቀ።

ስብሰባዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት ተገናኝተናል። ኮሚቴ መርጠናል፣ በሰልፍ ሰዓት አራት ጊዜ ጽሑፍ አቅርበናል፣ የግድግዳ ጋዜጣም ለጥፈናል። በ46 አባላት ጀምረን በ34 ጨርሰናል። የቀሩት ቀሩ። የቆዩት ግን ከልባቸው ነው የቆዩት።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 ከፍተኛውን የፌዴራል የዳኝነት ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። አንቀጽ 80 ደግሞ በፌዴራል ጉዳዮች ላይ የመጨረሻው ዳኛ እሱ መሆኑን ይናገራል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አጥንቶ የሚያቀርብለት 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። የጉባኤው ሰብሳቢ ማን ነው? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት። ምክትል ሰብሳቢውም የፍርድ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ልጆቹ ይህን ሲያገኙ ተንጫጩ። ገሚሱ «እንግዲያው ፍርድ ቤቱም አለበት» አለ፤ ገሚሱ «አማካሪና ወሳኝ አንድ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። በላ ልበልሃ ሆነ። ደወሉ ተደውሎም አልወጡም።

ትልቁ ነገር ግን ሰበር ነው። በክልል ጉዳይ የመጨረሻው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ሆኖም የመጨረሻ በተባለ ውሳኔ ውስጥ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሊያርመው ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አምስት ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም ከዚያ በኋላ የታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ፣ የክልሎቹንም ጭምር ያስገድዳል። አዲስ አበባ የተሰጠ ትርጉም እዚህ ደብረ ብርሃን ያለን ዳኛ ይገዛል ማለት ነው።

የካቲት ላይ ምስለ ችሎት አዘጋጀን። የመረጥነው ሰበር ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነውን ጉዳይ ነው። አንድን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባት ልጄ ይሰጠኝ አለ። የታች ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱን እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ፣ መቅደም ያለበት የልጁ ጥቅም ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረ። ልጆቹ ዳኞቹ አምስት ካልሆኑ አንጀምርም አሉ። ካባ ስለሌለን ከወላጆች ሁለት የምረቃ ጋዋን ተዋስን። ሦስቱ ዳኞች በዩኒፎርም ተቀመጡ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር።

መጋቢት ላይ ሰበር ችሎቱን ልናይ አዲስ አበባ ሄድን። ዋናውን ነገር የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በኮንትራት ቅጥቅጥ ተነሳን። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ ጋቢ ለብሰዋል፣ ወላጆች ዳቦና ቆሎ ቋጥረውልናል። በጫጫ፣ በሸኖ፣ በሰንዳፋ አድርገን 130 ኪሎ ሜትሩን ጨረስን። መንገድ ላይ ወሬው ስለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሹመት ነበር። ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ሌሎቹን ዳኞች የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመርጣል፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ለዚያው ምክር ቤት ይቀርባሉ። በጥቅምት 2011 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እነዚህ ልጆች ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በጥር 2015 አቶ ቴዎድሮስ ምህረት በእሳቸው ቦታ ተተኩ፤ ምክትላቸውም ወይዘሮ አበባ እምቢአለ ሆኑ። ሴቶቹ ልጆች ይህን በቃላቸው ያውቁታል።

ፍተሻውን አልፈን፣ ስልክ አጥፍተን ገባን። ዳኞቹ ሲገቡ ሁላችንም ተነሳን። ልጆቹ ጩኸትና ሙግት ጠብቀው ነበር። እዚያ ያለው ግን ወረቀት ነው። መዝገብ ይጠራል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። አንዳንዶቹ ቅር አላቸው።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ከገጠር እንደመጡ ጫማቸው ይናገራል። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለዋል። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ አንድ ቃል ያልተነፈሰ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለን። ከሁሉ መርጠው እሱን ጠየቁት። «ልጄ፣ ሰበር የሚሉት የቱ ጋ ነው?»

«ጉዳይዎ ምንድን ነው አባባ?» አላቸው።

የመሬት ወሰን ክርክር ነው። ተረትተዋል። አሁን ሦስት አዲስ ምስክር አግኝተዋል። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አባባ፣ እዚህ ምስክር አይሰማም። ዳኞቹ የሚያዩት ሕጉ ላይ ስህተት መኖር አለመኖሩን ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ፌስታሉን አዩት። «ታዲያ ስህተቱን ማን ያሳየኛል?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን «እስኪ ላንብብልዎት» ብሎ ደረጃው ላይ አብሯቸው ተቀመጠ። ፍርዱን ከላይ ጀምሮ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያሳለፈ አነበበላቸው። የከበደውን ቃል በተራ አማርኛ ይመልስላቸዋል። መኪናው ይጠብቀናል፤ ማንም ግን እንሂድ አላለም። ሲጨርስ መረጃ ክፍል ድረስ ይዟቸው ሄደ፤ ቀጥሎ የሚያደርጉትን እንዲነግሯቸው ለሠራተኛዋ አስረከባቸው። ሽማግሌው ትከሻውን ስመው መረቁት።

ስንመለስ ሸኖ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ልጁ አጠገቤ መጣ። «ቲቸር፣ ያነበብኩላቸው በትክክል ነው? የተሳሳትኩት ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም።

ክበቡ ፖለቲካ ያስተምራል የሚሉ አሉ። በስብሰባም ተነስቷል። እኛ የምናነበው ሕገ መንግሥቱን፣ አዋጁን እና ፍርዱን ነው። «በሕግ አምላክ ሲሉ ወራጅ ውሃ ይቆማል» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ የሚቆምለት ሕግ የት እንደተጻፈና ማን እንደሚተረጉመው ቢያውቅ ምን ይጎዳል? ክፍለ ጊዜ ይሻማሉ የሚል ቅሬታም ደርሶኛል። የተገናኘነው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ነው፤ መዝገቡ ክፍት ነው፣ መጥቶ ማየት ይቻላል።

ያልተሳካም አለ። ባሕር ዳር ሄደን የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለማየት ያሰብነው በገንዘብ እጦት ቀረ። ሁለተኛው ምስለ ችሎት አዳራሹ ለፈተና ስለተያዘ ተሰረዘ። ለ34 ልጆች ያለን ሦስት ሕገ መንግሥት ነው፤ የአንዱ የመጨረሻ ገጾች ተቀደዋል። ለስፖርት ክበብ አዲስ ማሊያ ተገዝቷል፤ ደስ ብሎናል፣ ይገባቸዋልም። እኛ ግን በዓመቱ ያገኘነው አንድ ደስጣ ወረቀት ብቻ ነው። የአዲስ አበባውን መኪና የከፈሉት ወላጆች ናቸው። መዋጮው የከበዳቸው አምስት ልጆች ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው ሸፈኑላቸው።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሃያ ሕገ መንግሥት፣ አንድ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን እና የአንድ ጉዞ የመኪና ኪራይ። የታተሙ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ በእጁ ያለው የቀድሞ ተማሪ ወይም ወላጅ ቢያውሰን በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን። የመጀመሪያው ስብሰባ የጥቅምት ሁለተኛው ረቡዕ ነው። ያ ልጅ በመጪው ዓመት 12ኛ ክፍል ይገባል፤ የክበቡ ጸሐፊ ለመሆን ራሱ ጠይቆ ተመዝግቧል።