እንጉዳዩ ብቻውን ሲጋራ አላስጣለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

«እንጉዳይ በልቶ ከሲጋራ ተገላገለ» የሚለው ወሬ ዋናውን ነገር ይዘላል። የወሬው ትልቁ ምንጭ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ ነው። ከ15 አጫሾች 12ቱ ከስድስት ወር በኋላም አላጨሱም፤ ቃላቸው ብቻ ሳይታመን ትንፋሻቸውና ሽንታቸው ተመርምሯል።

የወሰዱት ግን ከሜዳ የተለቀመ እንጉዳይ ሳይሆን መጠኑ የታወቀ ሳይሎሲቢን (በአንዳንድ እንጉዳዮች ውስጥ የሚገኝ፣ ስሜትንና እይታን የሚለውጥ ንጥረ ነገር) በካፕሱል ነው። ከዚያ በፊት የአራት ሳምንት ምክር አለ፤ አምሮቱ በምን ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደሚቀሰቀስ ለይቶ ማወቅ ማለት ነው። ሲጋራ የሚቆምበት ቀንና የመጀመሪያው መጠን፣ ለ70 ኪሎ ሰው 20 ሚሊግራም፣ ሆን ተብሎ አንድ ቀን ላይ ዋለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 30 ሚሊግራም ተሰጠ። ዓይን ተሸፍኖ፣ ሙዚቃ እየተደመጠ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ተብሎ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ባለሙያዎች ከአጠገብ አይለዩም።

ሳይሎሲቢን ቆዳ ላይ እንደሚለጠፈው የኒኮቲን ፓች ኒኮቲንን አይተካም፤ በዋናነት የሚነካው ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ተቀባዮች ነው። ስለዚህ ምክሩን ቆርጦ ካፕሱሉን ብቻ መፈለግ ሙከራውን አለመረዳት ይመስለኛል። የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ሊቲየም የተባለውን የስሜት መዋዠቅ ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ) ሕመም ያለበት ደግሞ ጨርሶ አይጠጋው።

ሙከራው ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። የምክሩ ድርሻ የቱ፣ የመድኃኒቱ የቱ እንደሆነ ከ15 ሰው መለየት አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር