ስለ ጣና በአማርኛ፦ የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ሥራ

የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ ክበብ የዘንድሮውን የትምህርት ዘመን ያሳለፈው በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ ይኸውም ተማሪ ለቤት ሥራው፣ መምህርም ለክፍል ትምህርቱ ሳይሰጋ ሊጠቀምበት የሚችል፣ ስለ ጣና ሐይቅ በአማርኛ የሚያስረዳ ድረ ገጽ ማዘጋጀት ነው። ርዕሱን የመረጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። የባሕር ዳር ልጆች በመሆናቸው ሐይቁ ቅርባቸው ነው፤ በመጽሐፍ ወይም በስልክ ያነበቡትን ወጥተው በዓይናቸው ማየት፣ ዓሣ አጥማጆችንና ጀልባ ነጂዎችን ጠይቀው መረዳት ይችላሉ። ገጹን መሥራቱ ያን ያህል አልከበደም፤ ተማሪዎቹ ድረ ገጽ የሚጻፍበትን የኤችቲኤምኤል ቋንቋ መሠረታዊ ትእዛዛት ለመልመድ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ዓመቱን በሙሉ ያደከመን በገጹ ላይ የሚሰፍረው ነገር ሊታመን የሚችል እንዲሆን ማድረጉ ስለነበር፣ ይህ ዘገባም በአብዛኛው ስለዚያ ያወሳል።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው እጅግ ቀላል ከመሰለ ጥያቄ ነው። የሐይቁን ስፋት እንዲያጠና የተመደበው ቡድን አንዱ ምንጭ 3,000፣ ሌላው 3,200፣ ሌላው ደግሞ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚል ለክበቡ ስብሰባ አቀረበ። አንዳንድ አባላት በብዙ ቦታ ተደጋግሞ የተገኘውን ቁጥር እንውሰድ የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ፤ ሌሎቹ ግን ድረ ገጾች አንዱ ከሌላው እየገለበጡ እንደሚጽፉ በማስታወስ፣ አንድ ቁጥር አሥር ቦታ መገኘቱ አሥር ምስክር አለው ማለት እንዳልሆነ ተከራከሩ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ መምህራቸው የሆንኩት እኔም ሆን ብዬ አላቋረጥኩትም። በመጨረሻ የልዩነቱን ምክንያት ፈልገው ሲያገኙ፣ የሐይቁ ስፋት እንደ ዝናቡና እንደ ወቅቱ ከ3,000 እስከ 3,500 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የጨራ ጨራ ግድብም የውኃውን መጠን እንደሚቆጣጠር ተረዱ። ስለዚህ በገጻችን ላይ አንድ ደረቅ ቁጥር አልሰፈረም፤ የሰፈረው የቁጥሮቹ ወሰን ከነምክንያቱ ነው።

የደሴቶቹ ብዛት ደግሞ ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት ሰጥቶናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ ደሴቶቹ 21 እንደሆኑና ከእነሱም ሰባት ወይም ስምንቱ ገዳም እንዳለባቸው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢውን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የአገሩ ሰዎች ሰው የሚኖርባቸውን ብቻ 45 አድርገው እንደሚቆጥሩ ካተተ በኋላ፣ በራሱ ግምት ግን ከ11 ገደማ እንደማይበልጡ አስፍሯል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተደረገ የመልክዓ ምድር ጥናት 37 ደሴቶችን በስም ዘርዝሮ፣ 19ኙ ገዳም ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ናቸው ብሏል። ተማሪዎቹ ይህን ይዘው ወደ ጀልባ ተራ ሲወርዱ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ጀልባ ነጂ ውኃው ሲጎድል ከየብስ የሚገናኙ፣ ክረምት ሲገባ ተመልሰው የሚለዩ ቦታዎች እንዳሉ በጥሞና አስረድተዋቸዋል። በገጹ ላይ ያለው የደሴቶች ሰንጠረዥ ከዚህ የተነሣ «ስንት ናቸው?» ብቻ ሳይሆን «ማን፣ መቼ፣ ምንን ደሴት ብሎ ቆጠረ?» ለሚለውም መልስ የሚሰጥ ሆኗል። በእኔ አስተያየት ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የላቀው ይህ ሰንጠረዥ ነው።

የማናውቀውን ድረ ገጽ እንዴት እንደምንመዝን ለመማር የተጠቀምንበት መንገድ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሪው እ.ኤ.አ. በ2017 ካቀረቡት ጥናት የተወሰደ ነው። ተመራማሪዎቹ 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎችንና 25 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያልታወቁ ገጾችን እንዲመዝኑ አድርገው ሲመለከቱ፣ ምሁራኑና ተማሪዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች በማንበብ በዓርማው ማማርና በአድራሻው ሲታለሉ፣ መረጃ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ለአፍታ አይተው በመውጣት ስለ ባለቤቱ ሌሎች የሚሉትን በአዲስ መስኮት ይፈልጉ ነበር፤ በዚህም ፈጥነው ወደ ትክክለኛው ድምዳሜ ይደርሱ ነበር። ክበባችን ይህን ዘዴ የሞከረው በእምቦጭ አረም ላይ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ስለ እሱ የሚጽፉ ገጾች በርካታ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በፎቶግራፍና በሥዕላዊ መግለጫ ያሸበረቀ፣ ሳይንሳዊ የሚመስል ነበር፤ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ገጹን ትታ የባለቤቱን ስም ስትፈልግ፣ የአረም ማጥፊያ ኬሚካል ሻጭ መሆኑን አገኘች። ሻጭ የጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው አላልንም፤ ነገር ግን ስለ መድኃኒቱ ፈዋሽነት የሚናገረውን ሌላ ምንጭ ካላረጋገጠው በቀር በገጻችን ላይ አናሰፍርም የሚል ውሳኔ ላይ ደረስን።

ጠቃሚ ነገር ፈልጎ ማግኘትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሞክሼ ፊደላት ስላሉን «ዓሣ»፣ «ዓሳ»፣ «አሣ» እና «አሳ» ብለን ስንፈልግ የምናገኘው ውጤት ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር»ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ አባላቱ ፍለጋ ከመጀመራቸው በፊት የቃሉን አጻጻፎች ሁሉ በወረቀት ላይ መዘርዘርን ልማድ አድርገዋል። በገበያ የሚጠራበትን ስም ከሳይንሳዊው ስም ጋር ማጣመርም ጠቅሟል። «ነጭ ዓሣ» ብለው ሲፈልጉ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ብቻ ይወጣላቸው የነበሩት ተማሪዎች፣ «ላቤዮባርበስ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን የጥናት ጽሑፎች በሚፈለጉበት በጉግል ስኮላር ላይ ሲያስገቡ የዓሣ ተመራማሪዎችን ጽሑፎች አገኙ፤ ከእነሱም 15 የሚሆኑ የዚህ ወገን ዝርያዎች ከጣና ውኃ ውጪ በሌላ የዓለም ክፍል እንደማይገኙ አነበቡ። ይህን ባነበቡ ማግስት በዓሣ ገበያው ላይ ነጭ ዓሣን ከቀረሶና ከአምባዛ ለይተው ፎቶግራፍ ሊያነሡ የሄዱበትን ጉጉት ሌሎች መምህራንም አይተውታል።

በይነመረብ በማይኖርበት ጊዜ ሥራው እንዳይቋረጥ፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኔትወርክ ለማንበብ የሚያስችለውን ኪዊክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ ጭነናል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተባሉት የሳይንስ ማሳያዎችም አውርደን ስላስቀመጥናቸው የፊዚክስ መምህራን ይገለገሉባቸዋል። ዊኪፔዲያን በሚመለከት የክበቡ አቋም ግልጽ ነው፤ መነሻ እንጂ ማስረጃ አድርገን አንጠቅሰውም፤ በግርጌ ማስታወሻው የተመለከተውን ምንጭ ግን ተከትለን እንሄዳለን። ለጥያቄ መልስ በሚሰጡ ሰው ሠራሽ አስተውሎቶች ላይም ተመሳሳይ ደንብ አለን፤ የጠቀሱት መጽሐፍ ወይም ጥናት በእርግጥ መኖሩ ሳይረጋገጥ የነገሩን አይጻፍም።

ወደ ገጹ አሠራር ስመለስ፣ አንባቢዎቻችን በአብዛኛው በስልክና በሞባይል ዳታ የሚገቡ መሆናቸውን በማሰብ ገጾቹን በተቻለ መጠን ቀላል አድርገናቸዋል፤ ፎቶግራፎቹ መጠናቸው ተቀንሷል፣ የሚንቀሳቀስ ጌጥ የለም። ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ያገኘናቸው የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ከሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡ ስለነበሩ በብሮውዘር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታዩ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዚያ ሥርዓት ያልተተየበ አማርኛ በፍለጋም አይገኝም። ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጽሑፎቹን አንድ በአንድ እንደገና ተይበዋቸዋል፤ አድካሚ ሥራ ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። ገጹ የተጫነው ጊትሃብ በተባለው የድረ ገጽ ማስቀመጫ ነፃ አገልግሎት ላይ ሲሆን፣ በአንዳንድ ብሮውዘሮች በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክትም አለው። አባላቱ ይህ ምልክት የሚያረጋግጠው በአንባቢውና ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) መካከል የሚተላለፈው መረጃ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን እንዳልሆነ ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች በሰልፍ ሰዓት ማስረዳታቸው አስደስቶኛል።

እያንዳንዱ ገጽ በግርጌው ማን እንዳዘጋጀው፣ የትኛው መምህር እንዳየው፣ ምንጮቹ የት እንደሚገኙና በመጨረሻ የታየበትን ቀን ይገልጻል። ዓመተ ምሕረት ስንጽፍ የአገራችን ይሁን የአውሮፓውያን ሳንለይ አናልፍም፤ ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው ወይስ በ2015 የሚለው ጥያቄ የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከሌላ ሰው የተወሰደ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አብረን አንብበናል፤ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ከተባለው የነፃ ምስሎች ማከማቻ የወሰድናቸውም የፎቶግራፍ አንሺው ስምና የፈቃዱ ዓይነት ተጽፎባቸዋል። የተማሪዎች ፊት የሚታይበት ምስል ከወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ውጪ አይወጣም።

ራሱን የቻለ የእርማት ገጽም አለን። አንባቢ ያመለከተው ጉድለት ሲረጋገጥ የቀድሞው ጽሑፍ ምን እንደነበር፣ በምን እንደተተካና መቼ እንደታረመ እዚያው ይመዘገባል። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ አባላት ይህ የክበቡን ስም ያጎድፋል ብለው ሰግተው ነበር፤ እኔ ግን ስሕተቱን በስውር ከሚፋቅ ገጽ ይልቅ በግልጽ የሚያርም ገጽ ይበልጥ እንደሚታመን አጥብቄ አምናለሁ፤ አሁን ገጹን በኃላፊነት የያዙት በዚያ ጊዜ በጣም ይቃወሙት የነበሩት ልጆች ናቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያልተጠናቀቁ ሥራዎች አሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ገጽ በመረጃ ማጣራት ላይ ነው፤ የሥዕላትና የብራና መጻሕፍት ክፍልም የገዳማቱን አባቶች ፈቃድ ይጠብቃል። ከጊዜ ብዛት የማይሠሩ ማስፈንጠሪያዎችን በኢንተርኔት አርካይቭ ከተቀመጡት ቅጂዎች የመተካቱ ሥራ በየመንፈቁ እንዲደረግ ተወስኗል። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ በመደርደሪያ የሚገኙትን ስለ ጣና የተጻፉ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው ስለሰጡን፣ የቋንቋ መምህራንም እያንዳንዱን ገጽ ስላረሙልን ክበቡ ያመሰግናል። በመጪው መስከረም የ12ኛ ክፍል አባላት ስለሚለዩን፣ የገጹን የይለፍ ቃልና የምንጮቹን መዝገብ ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ተተኪዎቻቸው በጽሑፍ አስረክበዋል፤ አዲስ አባላት በትምህርት መክፈቻ ሳምንት በኮምፒውተር ላብራቶሪው ይመዘገባሉ።