ስልክሽ ላይ ስላበራሁት ማጣሪያ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ስልክሽን አስተካክዬ ስመልስልሽ «አታምኚኝም ማለት ነው?» አልሽኝ። ወዲያው መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳስብበት አደርሁ፤ በአፌ ያልቀናኝን በጽሑፍ ልሞክረው።

ለትምህርት ቤት ሥራ የእንስሳት ፎቶ ስትፈልጊ የነበረውን ቀን አስታውሺ። ኮምፒውተሩን ድንገት ጥርቅም አድርገሽ ዘጋሽው፤ ፊትሽ ልውጥ አለ። «ምን ሆንሽ?» ብልሽ «ምንም» አልሽኝ። በኋላ ስከፍተው ገጹ እዚያው ነበር። አንድ ፊደል ስተሽ ኖሮ፣ እንኳን ልጅ አዋቂን የሚያሸማቅቅ ምስል ወጥቶብሻል። ሁለት ቀን ሙሉ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ከምስሉ ይልቅ ያ «ምንም» ነው። ምንም ሳታጠፊ ጥፋተኛ መስሎ ተሰምቶሽ ነበርና።

ለዚህ ነው በጎግል ፍለጋ የወሲብ ይዘትን የሚያጣራውን ሴፍሰርች ያበራሁት። አንዱ ምርጫው ምስሉን ማደብዘዝ ብቻ ነው፤ እኔ ሙሉ በሙሉ የሚያጣራውን መረጥሁ። የሚሠራው ግን በጎግል የፍለጋ ውጤት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ኢንተርኔቱን በቤታችን የሚያከፋፍለውን የራውተሩን ዲኤንኤስ፣ ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ወዳወጣው 1.1.1.3 ወደሚባለው ቀየርሁት። ስልክሽ አንድን ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት አድራሻውን የሚጠይቀው ዲኤንኤስን ነው፤ ይሄኛው ወደ ወሲብ ድረ ገጾች የሚያደርሰውን መንገድ አያሳይም። ከቤት ወጥተሽ በሞባይል ዳታ ስትጠቀሚ ግን አብሮሽ አይሄድም። ወላጆች የልጃቸውን ስልክ በሚቆጣጠሩበት የጎግል መተግበሪያ በፋሚሊ ሊንክ ደግሞ አዲስ መተግበሪያ ስትፈልጊ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። የምትጻጻፊውን አያሳየኝም። የልጅን መልእክት በስውር የሚያስነብቡ መተግበሪያዎችም አሉ፤ እነሱን ሳላሳውቅሽ አልጭንብሽም።

ከዚህ ሁሉ አንዱም ሊያጣራው የማይችለው ሰውን ነው። በጨዋታ መሃል አንድ ሰው ይተዋወቅሻል፤ እኩያሽ ነኝ ይልሻል፤ ያሞግስሻል፣ ብሶትሽን ያዳምጥሻል። ከሳምንታት በኋላ ወደ ሌላ መተግበሪያ እንሂድ ይላል። ቀጥሎ «ይህ በእኛ መካከል ይቅር» ይመጣል፣ ከዚያ ፎቶ ይጠይቃል። ፎቶውን ካገኘ ደግሞ ሌላ ካልላክሽ ወይም ገንዘብ ካልሰጠሽ ለጓደኞችሽ እበትነዋለሁ ብሎ ያስፈራራል። ልጆች በዚህ ጊዜ ዝም የሚሉት ከዛቻው እኩል የእናት አባታቸውን ቁጣ ስለሚፈሩ ነው። ስልኬን ይቀሙኛል ብለው ስለሚሰጉም ነው። ያስፈራራው ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ስለዚህ ቃል እገባልሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ብትነግሪኝ ስልክሽን አልቀማሽም። ፎቶ ልከሽም ቢሆን፣ ከሱ ጋር የተገናኘሽው እኔ በከለከልሁሽ መተግበሪያ ቢሆንም። መልእክቶቹን አታጥፊ፣ ማስረጃ ናቸው። ሁለተኛ ፎቶም ገንዘብም አትላኪ፤ የጠየቀውን መስጠት አያስቆመውም። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተነሡት ፎቶ እንዳይሰራጭ የሚረዳ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ የዲጂታል አሻራው ብቻ፣ ማለትም ከፎቶው የተሰላ መለያ ኮድ፣ ይላካል፤ በአገልግሎቱ የሚሳተፉ ኩባንያዎችም በዚያ እየለዩ ከገጻቸው ያስወግዱታል። ያን ጊዜ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አብረን እንሞላዋለን።

ማጣሪያው ለጥናት የሚያስፈልግሽን ገጽ ሊዘጋብሽም ይችላል፤ አንዳንዴ ስለ ሰውነት ክፍሎች የተጻፈውን ትምህርት ሳይቀር ያግዳል። ያን ጊዜም ንገሪኝ፣ እከፍትልሻለሁ። ደግሞም የሚያሳፍር ነገር ድንገት ቢወጣብሽ ኮምፒውተሩን ሳትዘጊው ጥሪኝ።

እናትሽ