ስማቸው ሳይጻፍ ስለተላኩ ካክተሶች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ ከላክንላችሁ ካክተሶች መካከል ጥቂቶቹ ቁጥር እንጂ ስም ስላልተጻፈባቸው ምክንያቱን ጠይቃችሁናል። እነዚህ ተክሎች እኛ ዘንድ የደረሱት መለያቸው ጠፍቶ ነው፤ የተሳሳተ ስም ተክሉ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር አብሮት ስለሚዞርና ለማረምም ስለሚያስቸግር፣ በግምት ከመሰየም ባዶውን መተውን መርጠናል።

ፎቶ ስትልኩልን በቅድሚያ የምናጣራው ተክሉ በእርግጥ ካክተስ መሆኑን ነው። ቁልቋል የሚለው ስማችን ካክተስንም፣ ካክተስ ያልሆነውን ዩፎርቢያ የተባለ ተክልንም ስለሚጠራ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። የካክተስ እሾህ የሚወጣው አሪዮል ከሚባል፣ ጥጥ የለበሰች ትንሽ ትራስ ከምትመስል ነጥብ ሲሆን ዩፎርቢያ ይህ የለውም፤ ሲቆረጥ ግን ነጭ ወተት ያፈሳል። ይህን ለመፈተን ብላችሁ ግን ተክሉን እንዳትቆርጡ አደራ እንላለን፤ የዩፎርቢያ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ከካክተሶችም ቢሆን ማሚላሪያ የተባለው ወገን አንዳንድ ዝርያዎች ወተት አላቸው።

ከዚያ በኋላ ግንዱ ሸንተረር ያለው ነው ወይስ እንደ ማሚላሪያ በተነጣጠሉ ጉብታዎች የተሸፈነ የሚለውን እናያለን። ነገሩን በአብዛኛው የሚቆርጠው ግን አበባው ነው። አንድ ክብ ተክል ኢኪኖፕሲስ የተባለው የካክተስ ወገን ነው ብለን ለረጅም ጊዜ ስንንከባከብ ከቆየን በኋላ እምቡጥ አወጣ፤ የኢኪኖፕሲስ እምቡጥ ፀጉራም ሲሆን፣ ይህኛው ግን ፀጉርም እሾህም የሌለው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ልሙጥ ቅጠሎች የተሸፈነ ነበር። ተክሉ ጂምኖካሊሲየም የተባለ ሌላ የካክተስ ወገን መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በሌላ በኩል፣ ለገበያ ሲባል ደረቅ አበባ በሙጫ የሚለጠፍባቸው ካክተሶች ስላሉ፣ ለወራት የማይጠወልግ አበባ ካያችሁ ማስረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ስለዚህ ተክሉን ከጎንና ከአናቱ፣ አሪዮሉን ደግሞ ከማስመሪያ ጋር በቅርበት አንስታችሁ፣ የሸንተረሩን ብዛት ቆጥራችሁ ላኩልን። ብርሃን አጥቶ የተመዘዘ ተክል ቅርጹም እሾሁም ስለሚለወጥ የት እንደሚቀመጥም ግለጹልን። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ወገኑን ብቻ ነግረናችሁ ዝርያውን ልንተወው እንችላለን። እስኪያብብ ድረስ በማሰሮው ላይ የለጠፍነውን ቁጥር እባካችሁ አታንሱት፤ ከዚያው ስብስብ እኛ ዘንድ የቀረው ተክል ቀድሞ ካበበ፣ ስሙን ለእናንተ የምናሳውቀው በዚያ ቁጥር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የተክል ማሳደጊያው ባልደረቦች