የይለፍ ቃሉን የሚያስቀምጠውም ይጠየቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት በምታወጧቸው ጽሑፎች ለአንባቢ የሚሰጠው ምክር ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ የይለፍ ቃላችሁን አርዝሙ፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅሉበት፣ ለማንም አትንገሩ ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሸክሙን በሙሉ በተጠቃሚው ጫንቃ ላይ ያሳርፋል። የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ተቋም የራሱን ድርሻ ካልተወጣ የተጠቃሚው ጥንቃቄ ከንቱ እንደሚቀር፣ በሰርቨር አስተዳደር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በባንክም ሆነ በዩኒቨርሲቲ አንድ ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል ኢሜይሉንም፣ የቢሮ ኮምፒውተሩንም፣ የደመወዝ ሥርዓቱንም የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የዳይሬክተሪ ሰርቨር፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል ለሁሉም ፕሮግራሞች የሚይዝ ማዕከላዊ መዝገብ፣ ስላለ ነው። ኦፕንኤልዳፕ፣ 389 ዳይሬክተሪ ሰርቨርና የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ በዚህ ረገድ በስፋት የሚታወቁ ናቸው። የሁሉም ሰው መለያ በአንድ ቦታ ስለሚከማች፣ እዚያ የሚፈጠር ጉድለት ከአንድ ፕሮግራም አልፎ መላውን መሥሪያ ቤት ይነካል።

ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን ራሱን ይዞ መቆየት አያስፈልገውም። የሚጠበቅበት ተጠቃሚው አሁን የጻፈው ቀድሞ ካስመዘገበው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ለዚህም ቃሉን ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ያሳልፍና ሃሽ የሚባለውን ውጤት ያስቀምጣል፤ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ስሌት ደግሞ ይሠራና ሁለቱን ውጤቶች ያነጻጽራል። የተመሰጠረ ነገር ቁልፉን ለያዘ ሰው ይፈታል፤ ሃሽ ግን መፍቻ ቁልፍ የለውም፤ የሰረቀው ሰው ያለው መንገድ ቃሉን እየገመተ የግምቱን ሃሽ ከተሰረቀው ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ቢመርጡ ሃሻቸው እንዳይመሳሰል ደግሞ ለእያንዳንዱ የተለየ፣ በዘፈቀደ የተመረጠና ባለሙያዎች ሶልት የሚሉት ተጨማሪ መረጃ ከስሌቱ ጋር ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን አፈትልከው የወጡት 6.5 ሚሊዮን ያህል ሃሾች ሻ-1 በተባለው የሃሽ ስሌት የተሠሩና ሶልት ያልገባባቸው ስለነበሩ፣ አንዱን ግምት በአንድ ጊዜ ከሁሉም ጋር ማመሳከር ይቻል ነበር። በ2016 ደግሞ ከዚያው ዝርፊያ የመጣ የ117 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ለሽያጭ ቀረበ።

ሶልቱ ይቅርና ሃሹም የማይገኝባቸው ዳይሬክተሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኤልዳፕ (ፕሮግራሞች ከዳይሬክተሪ ሰርቨር ጋር የሚነጋገሩበት ደንብ) ደረጃ፣ አርኤፍሲ 4519፣ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበትን መስክ የሚገልጸው ቃሉን በግልጽ እንደሚይዝ አድርጎ ነው። ኦፕንኤልዳፕም ለይለፍ ቃል መለወጫ ተብሎ የተዘጋጀው የተለየ ትዕዛዝ ሲደርሰው ሃሽ ይሠራል እንጂ፣ አንድ የቢሮ ፕሮግራም በተራው የማሻሻያ ትዕዛዝ የላከለትን ቃል፣ የይለፍ ቃል ፖሊሲን የሚያስፈጽመው ተጨማሪ ክፍል ተጭኖ ሃሽ እንዲያደርግ ካልታዘዘ በቀር፣ እንደመጣ ያስቀምጠዋል። የዳይሬክተሪው ይዘት ወደ ጽሑፍ ፋይል ሲወጣ ደግሞ የይለፍ ቃሉ መስመር በቤዝ64 ስለሚጻፍ ላየው ሰው የተመሰጠረ ይመስላል። ቤዝ64 የአጻጻፍ ስልት ብቻ ነው፤ ማንም በአንድ ትዕዛዝ ይመልሰዋል። «የእኛ ተመስጥሯል፣ አትስጉ» የሚለው መልስ አንዳንዴ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በራሳችን ፊደል የይለፍ ቃል ለሚጽፍ ሰው የተለየ አደጋ ያለበት ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሲነገርለትም ሰምቼ አላውቅም። ዩኒክስ ከተባለው የጥንት የኮምፒውተር ሥርዓት የተወረሰውና ዴስ በተባለው አሮጌ የማመስጠሪያ ስሌት ላይ የተመሠረተው ክሪፕት የተባለው ስልት ከይለፍ ቃሉ የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች ብቻ ይወስዳል፤ የቀረውን አያየውም። በላቲን ፊደል ይህ 8 ሆሄ ማለት ነው። ኮምፒውተሮች ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጡበት በተለመደው ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 8ቱ ባይት የሚበቃው ለሁለት ሆሄና ለሦስተኛው ከፊል ብቻ ነው። ምክራችሁን ሰምቶ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያህል የአማርኛ ሐረግ የመረጠ ሰው፣ ሰርቨሩ ዘንድ ሦስት ፊደል እንኳ የማይሞላ የይለፍ ቃል አለው። ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ በዋናው የግዕዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ያሉት ሆሄያት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፣ ሁለተኛው ባይትም ከስድስት ዓይነት አይበልጥም። ስለዚህ ሰባሪው መሞከር የሚኖርበት ከ900 ሺህ ያነሱ አማራጮችን ብቻ ነው፤ ይህም ለተራ ላፕቶፕ የሴኮንዶች ሥራ ነው። ቢክሪፕት የተሰኘው የተሻለ ስልት እንኳ 72 ባይት ላይ ያቆማል፤ ይሁንና 24 የግዕዝ ሆሄ ስለሚሆን ያን ያህል አያሳስብም። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ ሃሽ ድምፅ አይለይም፤ «ፀሐይ» ብሎ ያስመዘገበ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ አይገባም።

ከዚህ የተሻለው የኦፕንኤልዳፕ መነሻ ስልት ሶልት የተጨመረበት ሻ-1 ነው። ችግሩ ሻ-1 ለፍጥነት የተሠራ መሆኑ ነው፤ የዛሬ የግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ ቢሊዮኖች ግምቶችን ይሞክርበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በይለፍ ቃል ሃሽ ውድድር ያሸነፈው አርጎን2 በአንጻሩ እያንዳንዱ ሙከራ ጊዜና ብዙ ሜሞሪ እንዲፈጅ ተደርጎ የተነደፈ ነው፤ ኦፕንኤልዳፕም ከ2.5 ጀምሮ ይዞት ይመጣል። ነገር ግን አስተዳዳሪው ራሱ ካልመረጠው ሥራ ላይ አይውልም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ያለው የኤንቲ ሃሽ ኤምዲ4 በተባለ አሮጌ ስሌት የሚሠራና ሶልት የሌለው ስለሆነ፣ እዚያ የሚቀረው አማራጭ ሰርቨሩንና ባክአፑን አጥብቆ መጠበቅ ነው።

ማረጋገጡም የራሱ ወጥመድ አለው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሃሹን ከዳይሬክተሪው አንብበው ራሳቸው ያነጻጽራሉ፤ ይህ እንዲሆን ደግሞ መስኩ ለንባብ ክፍት መሆን አለበት፣ ይህም ለሌባ ግማሹን ሥራ መሥራት ነው። ትክክለኛው አካሄድ ፕሮግራሙ በተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል ወደ ዳይሬክተሪው እንዲገባ ማድረግና መልሱን ከሰርቨሩ መቀበል ነው። ያኔ ቃሉ በኔትወርኩ ላይ እንዳለ ስለሚጓዝ ግንኙነቱ በቲኤልኤስ፣ ማለትም በኔትወርክ የሚያልፈውን በሚያመሰጥረው ስልት፣ መሸፈን ይኖርበታል። ፕሮግራሙ ባዶ የይለፍ ቃልንም አስቀድሞ መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም በኤልዳፕ ደንብ መሠረት ስም ተጠቅሶ ቃሉ ባዶ ሲሆን ሰርቨሩ ሰውየውን ማንነቱ እንዳልታወቀ እንግዳ ቆጥሮ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል። ኦፕንኤልዳፕ ይህን በመነሻ ቅንብሩ ይከለክላል፤ ሁሉም ሰርቨር ግን እንዲህ አያደርግም።

አሮጌውን ሃሽ ወደ አዲስ ስልት መለወጥ አይቻልም የሚል ሰበብ ይቀርባል። በቀጥታ መለወጥ በእርግጥ አይቻልም፤ ሆኖም ተጠቃሚው በገባ ቅጽበት ቃሉ ለሰርቨሩ በግልጽ ስለሚደርሰው፣ ያን ጊዜ በአዲሱ ስልት ማስቀመጥ ይቻላል። 389 ዳይሬክተሪ ሰርቨር ይህን በራሱ የሚያደርግበት ቅንብር አለው። ረጅም ጊዜ ያልገቡትን ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃላቸውን እንዲቀይሩ ማስገደድ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢውን የቴክኒክ ጥበቃ የማድረግ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ መረጃ ወጣብን የሚል ተቋም ሲያጋጥመው «የይለፍ ቃሎቹ የተጠበቁ ናቸው» በሚለው መግለጫ ሳይረካ፣ በየትኛው ስልት፣ በስንት ሜሞሪ ወይም በስንት ድግግሞሽ እንደተሠሩ ጠይቆ መልሱን እንዲያትም እጠይቃለሁ። የድሮዎቹ ባክአፖች የት እንዳሉም አብሮ ይጠየቅ፤ ሰርቨሩ ዛሬ ወደ አርጎን2 ቢሸጋገርም፣ ከዚያ በፊት የተቀዳው ፋይል የያዘው የቀድሞውን ሃሽ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ከአዲስ አበባ